እናቴን ይዤ ታይላንድ ልሄድ ነው፦ የባቡሩን ገበያ ሄዶ ያየ ሰው አለ?

የጉለሌው

ሰላም ወገን። አጭር ጥያቄ ነበር፣ ጽፌ ስጨርስ ግን ረዘመ፣ ታገሱኝ።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ እናቴን ለጉልበቷ ምርመራ ባንኮክ ይዣት ልሄድ ነው። ሐሙስ ትታያለች፣ ውጤቱ ሰኞ ነው። ስለዚህ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ፈት ነን። እሷ ደግሞ ሆቴል ውስጥ መቀመጥ የሚሆንላት ሴት አይደለችም፣ ገና ከአሁኑ «ሰው አገር ድረስ ሄጄ ግድግዳ ሳይ ልመለስ ነው?» እያለችኝ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት መርካቶ በርበሬና ቅመም ነግዳለች። የምትፈልገው ገበያ ነው። ሞል አላልኩም፣ መሬት ላይ የተዘረጋ፣ ሰው በዋጋ የሚከራከርበት ገበያ።

ባቡር በገበያ መሀል ሲያልፍ የሚያሳየውን ቪዲዮ ሳታዩት አትቀሩም። ቦታው ሜክሎንግ ይባላል፣ ከባንኮክ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያው አጠገቡ ደግሞ አምፋዋ የሚባል ቦይ ላይ የቆመ ገበያ አለ። ሄዶ ያየ ካለ ይንገረኝ፣ የእውነት ገበያ ነው ወይስ ለፎቶ የቀረ ነገር? ከዘራ ይዛ የምትሄድ የ66 ዓመት ሴትስ ትችለዋለች? ሌላው ጾሙ ነው፣ የገና ጾም ውስጥ ነን። ዓሣ ይቻላል ብሎ ሊመክረኝ ያሰበ ሰው ካለ ይቅርብኝ፣ አክስቴ እንደዛ ብላት ሁለት ሳምንት አልተነጋገሩም።

ፕራቱናም ለፕራቱናም

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እናትህን እግዜር ይማራቸው።

እኔ ለልብስ ንግድ ባንኮክ እመላለሳለሁ፣ ሜክሎንግ አንዴ ሄጄ በቃኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ነገሩ አምስት ደቂቃ ነው። ሰው ሁሉ ስልኩን ደግኖ ይቆማል፣ ባቡሩ ጡሩምባውን እያስጮኸ እየተጎተተ ይመጣል፣ ያልፋል፣ አለቀ። የአስጎብኚ ሚኒባሶች ባቡሩ ሊደርስ ሲል ሰውን እንደ ጆንያ ያራግፉታል፣ ካለፈ በኋላ ለቅመው ይወስዱታል። ወደ ጣቢያው በኩል ያለው ሱቅ ደግሞ ያው የዝሆን ሥዕል ያለበት ሱሪና የፍሪጅ ማግኔት ነው። ለእናትህ ጉልበት ስትል ባንኮክ ውስጥ ኦር ቶር ኮር የሚባለውን ገበያ አሳያቸው። ንጹሕ ነው፣ ወለሉ ደልዳላ ነው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ በሩ ላይ ያወርድሃል።

የግድ ሜክሎንግ ካልክ መኪና ተኮናትረህ ሂድ። መንገዱ ራማ 2 ይባላል፣ ሁሌ እንደተቆፈረ ነው፣ ታይላንዶቹ ራሳቸው ይቀልዱበታል። ጠዋት ካልወጣህ ፀሐይ ላይ ቆመህ ትቀራለህ።

ደግሞ የቢጫ ወባ ካርዳችሁን እንዳትረሱ! ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው ይጠየቃል። ፓስፖርት ቁጥጥር ጋ ከመድረስህ በፊት የጤና መስኮት አለ፣ እዚያ ታሳያለህ። እኔ አንዴ ሻንጣ ውስጥ ከትቼው የሆንኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

ባለሻንጣዋ

ፕራቱናም፣ ያልከው ሐሰት አይደለም፣ ግን አንተ ያየኸው የአስጎብኚዎቹን ሰዓት ነው። ባቡሩ አምስት ደቂቃ ነው፣ ገበያው ግን ሙሉ ቀን ነው። የከተማው ሰው ጎመኑን፣ ዓሣውን፣ በርበሬውን የሚገዛው እዚያው ሐዲዱ ላይ ነው። ታላት ሮም ሁፕ ይሉታል፣ «ጃንጥላ የሚታጠፍበት ገበያ» እንደማለት ነው። የባቡሩ ድምፅ ሲሰማ በእንጨት የተደገፈውን ሸራ ሁሉ ወደ ኋላ ያጥፉታል። አንዳንዱ መደርደሪያ ጎማ ስላለው ገፋ ያደርጉታል። ዝቅ ያለውን የአትክልት ቅርጫት ግን ንክች አያደርጉትም፣ ባቡሩ በላዩ ያልፋል! እሱ አልፎ የመጨረሻው ፉርጎ ገና ሳይርቅ ሸራው ተመልሷል፣ ሴትየዋም የጀመረችውን ሒሳብ ትጨርሳለች። እኔን የገረመኝ ባቡሩ ሳይሆን ይህ አለመቸኮላቸው ነው።

እኔ የምመክርህ አዳር ነው። አምፋዋ የሚደምቀው ከዓርብ እስከ እሑድ ብቻ ነው፣ እሱም ከሰዓት በኋላ። የእናንተ ባዶ ቀናት ልክ እነዚያ ናቸው፣ ሲቀና እንዲህ ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከባንኮክ ተነሱ፣ አምፋዋ እደሩ፣ እሑድ ጠዋት ሜክሎንግ ሂዱ። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ባቡሩ በቀን አራት ጊዜ ነበር የሚገባው፣ የመጀመሪያው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2:30 ላይ። በዚያ ሰዓት ከባንኮክ የሚመጡት ሚኒባሶች ብዙዎቹ ገና መንገድ ላይ ናቸው። ጣቢያው ላይ የተለጠፈውን ሰዓት ግን ቀድማችሁ እዩ፣ አንዳንዴ ይለዋወጣል።

ከአምፋዋ ሜክሎንግ በሶንግቴው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ዋጋውም የሳንቲም ያህል ነው። ሶንግቴው ማለት ምን መሰለህ፣ የድሮውን ውይይት ታክሲ አስታወስከው? ከኋላ ፊት ለፊት የሚያያይ ሁለት አግዳሚ ያለው? እሱው ነው። ቃሉም «ሁለት ረድፍ» ማለት ነው። እናትህ ሲያዩት ይስቃሉ። ከኋላ ያለው ደረጃ ግን ከፍ ስለሚል ደግፋቸው።

ከባንኮክ እስከዚያ በባቡር ልሂድ ካልክ መንገዱ ይቻላል፣ ለእናትህ ግን አልመክርም። ከዎንግዊያን ያይ ጣቢያ ማሃቻይ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ 10 ባት። እዚያ የዓሣ ገበያውን አቋርጠህ በጀልባ ታቺን ወንዝን ትሻገራለህ። ከማዶ ባን ሌም ከሚባል ትንሽ ጣቢያ ሌላ ባቡር ይዘህ ሜክሎንግ ትገባለህ፣ እሱም 10 ባት ነው። የጨው ማሳ እያየህ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ቅጠሉ ፊትህን እየነካህ ነው የምትሄደው። እኔ ብቻዬን ስለነበርኩ ወደድኩት። ግን ሁለት ባቡር፣ አንድ ጀልባ፣ ብዙ ደረጃ ነው።

ማደሪያ ስትይዝ ቦዩ ዳር ያሉት የእንጨት ቤቶች ያምራሉ፣ ግን ብዙዎቹ ፍራሹን ወለል ላይ ነው የሚያነጥፉት። ለጉልበት አይሆንም። አልጋ ያለው መሆኑን ደውለህ ጠይቅ፣ ምድር ቤት ይሁን በል።

ማታ ማታ ጀልባዎች አብሪ ትሎቹን ለማሳየት ይወስዳሉ። ላምፑ በሚባል ዛፍ ላይ ይሰፍራሉ፣ ሁሉም እኩል ብልጭ እልም ሲሉ ዛፉ የሚተነፍስ ይመስላል። እኔ በዝናቡ ወራት ስለሄድኩ ብዙ ነበሩ፣ በታኅሣሥ ይቀንሳሉ፣ ጨረቃ ሙሉ ከሆነችም ብዙ አይታዩም። ከጋራ ጀልባ ይልቅ መቅዘፊያ ያለው ካገኛችሁ እሱን ያዙ። የሞተሩ ጩኸት ቦዩ ዳር የሚኖሩትን እንቅልፍ ይነሳቸዋል፣ ደጋግመው ያማርራሉ።

ረሳሁት! ፕራቱናም የረገመው ራማ 2 መንገድ የተሰየመበት ንጉሥ፣ ዳግማዊ ራማ፣ የተወለደው እዚያው አምፋዋ ነው። መታሰቢያ መናፈሻ አለው። ዛፍ አለ፣ መቀመጫ አለ፣ ለእናትህ ጥሩ ማረፊያ ነው።

ዘይት ብቻ

የጾሙን ለእኔ ተዉት፣ ታይላንድ ሁለት ጊዜ በጾም ሄጄ ተምሬያለሁ።

«አትክልት ነው» ያሉህን አትመን። አትክልቱ ልክ ነው፣ ግን ናም ፕላ አለበት። ከዓሣ የሚወጣ ጨዋማ ፈሳሽ ነው፣ እኛ ጨው ጣል እንደምናደርገው እነሱ እሱን ነው የሚያንጠባጥቡት። ሰላጣ መስሎህ የምታዘው የፓፓያው ምግብ እንኳ ናም ፕላ አለው፣ ብዙ ጊዜም የደረቀ ሽሪምፕ አለው።

የምትፈልገው ቃል «ጄ» ነው። እነሱም የራሳቸው ጾም አላቸው፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም፣ እንዲያውም ነጭ ሽንኩርት ሳይቀር ይከለክላሉ፣ በዚህስ በልጠውናል። ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ያለበት ቤት ካየህ ሳትጠይቅ ግባ። ከሌለ «ኪን ጄ» በል፣ «ጄ እበላለሁ» ነው። ቀጥለህ «ማይ ሳይ ናም ፕላ» በል፣ «ናም ፕላ አትጨምሩ»። እኔ ሁለቱን ነገር በታይ አጽፌ ስልኬ ላይ ይዤ ነበር፣ ሰው አንብቦ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያው አንዳንዱ ያነብና ጨምሮ ያመጣዋል፣ ልማድ ነው።

የማያጣላ ነገር፣ ማንጎ በሚያጣብቅ ሩዝ። የሚፈስበት የኮኮናት ወተት ነው፣ ላም የለበትም። የተጠበሰ ሙዝ አለ፣ ሊጡ ውስጥ እንቁላል እንዳይኖር ጠይቅ። ሜክሎንግ አካባቢ ደግሞ ከኮኮናት አበባ ፈሳሽ አፍልተው የሚሠሩት ስኳር አለ፣ ቡናማ ሆኖ በክብ በክብ ይሸጣል፣ አካባቢው የሚታወቅበት ነው። እማማ ይወዱታል።

ቤተ መቅደስ ከገባችሁ ጫማ ማውለቅ፣ ትከሻ መሸፈን። ለእኛ አዲስ አይደለም፣ ነጠላቸው ይበቃቸዋል።

የጉለሌው

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ረዳችሁኝ። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። የማደሪያዋ ባለቤት በስልክ በአስተርጓሚ መተግበሪያ ስታወራኝ ገበያው የሚዘጋው «ሁለት ሰዓት ማታ» ነው አለችኝ። መተግበሪያው አበደ ወይስ ሴትየዋ ኢትዮጵያ ኖራለች?

ባለሻንጣዋ

ሃሃ! አላበደም። ታይላንዶች ማታውን ልክ እንደ እኛ ነው የሚቆጥሩት። ከምሽቱ አንድ ሰዓት «ኑንግ ቱም»፣ ሁለት ሰዓት «ሶንግ ቱም»፣ እስከ አምስት ድረስ እንደዛው። እኔ የመጀመሪያ ቀን አልቅሼ ነበር በደስታ። ነገር ግን በቀን እንዳትታለል፣ ከሰዓት በኋላ እነሱ ሁለት የሚሉት የእኛ ስምንት ነው። የባቡሩ ሰዓት ደግሞ በ24 ነው የሚጻፈው፣ 08:30 ካየህ የእኛ 2:30።

ዓመታቸውም ከፈረንጁ በ543 ይበልጣል። የምግብ እሽግ ላይ 25 ምናምን የሚል ዓመት ብታይ ለልጅ ልጅህ የሚቆይ ምግብ ነው ብለህ እንዳትገዛ።

ፕራቱናም ለፕራቱናም

እኔ አሁንም ኦር ቶር ኮር ነኝ። ሄደህ ስትመለስ ግን እዚህ ጻፍ፣ ማን ልክ እንደነበረ እንይ።

የጉለሌው

ተመልሰናል። ቃል ስለገባሁ ልጻፍ።

ፕራቱናም፣ ስለ መንገዱ ልክ ነህ። ከባንኮክ ለመውጣት ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። አምፋዋ ቅዳሜ ማታ መተላለፊያ አልነበረም፣ እናቴን ሕዝቡ ሊጥላት ነው ብዬ ፈርቼ ቦዩ ዳር ደረጃ ላይ አስቀመጥኳት። እሷ ግን እዚያው ተቀምጣ ጀልባ ላይ ዓሣና ሽሪምፕ እየጠበሱ ሳህኑን ወደ ላይ ለሰው ሲያቀብሉ ስታይ አመሸች። «እሳት ጀልባ ላይ!» እያለች። የበላችው ሙዝና ማንጎ በሩዝ ነው፣ ሁለት ጊዜ አስደገመች። አብሪ ትሎቹን ተውናቸው፣ ጀልባው ላይ ለመውረድ ጉልበቷ እሺ አላለም።

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሜክሎንግ ደረስን። ባለሻንጣዋ፣ ይባርክሽ፣ በዚያ ሰዓት ቱሪስት ጥቂት ነበር። ሐዲዱ ላይ መራመድ ግን ለከዘራ አይመችም፣ ድንጋዩ ይንሸራተታል፣ ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ካለ ይወቀው። ትንሽ እየሄድን ትንሽ እያረፍን አንድ ደረቅ በርበሬ የምትሸጥ ሴትዮ ጋ ደረስን፣ እዚያ ቆምን፣ በቃ እዚያው ቀረን። እናቴ በርበሬውን አነሳች፣ አሸተተች፣ ሰብራ ፍሬውን አየች፣ ፊቷን አጨማደደች። ሴትየዋ ገባት መሰለኝ ከታች ሌላ ከረጢት አወጣች። ያኛው ተሻለ። አንድ ቃል አይግባቡም፣ በጣት ተከራከሩ፣ በካልኩሌተር ተከራከሩ፣ እኔ ዝም ብዬ ቦርሳ ይዤ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ በርጩማ ወጣላትና ተቀመጠች።

ባቡሩ ሲመጣ ሁሉም ስልኩን አወጣ፣ እኔም አወጣሁ። እናቴ ግን ባቡሩን አላየችውም። የምታየው ሴትየዋን ነው። ሸራውን ልጇ አጠፈችው፣ እሷ ግን መጀመሪያ ሚዛኗን ነው አንስታ ደረቷ ላይ ያቀፈችው። ባቡሩ አልፎ ሸራው ሲመለስ እናቴ ክንዴን ያዝ አድርጋ «እኛም ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ቀድመን የምናነሳው ሚዛኑን ነበር» አለችኝ። ይህን ነገር ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም።

ሰኞ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም፣ እንቅስቃሴና መድኃኒት ይበቃል ብሏል፣ ተመስገን።

ከሜክሎንግ በርበሬ፣ ሁለት ኪሎ የኮኮናት ስኳርና አንድ እሽግ ደረቅ ዓሣ ይዘን ነው የተመለስነው። ዓሣው ለማን ነው ስላት «ለአክስትህ ነዋ። ይቻላል ብላ የለ? ትብላ!»