መስማት ለተሳናቸው እስክስታ ጨፋሪዎች የከበሮውን ምት እንዴት እናድርስ?

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ውስጥ መስማት የተሳናቸውና የሚሰሙ ወጣቶች ለጥምቀት ሰሞን አብረው እስክስታ እየተለማመዱ ነው። የሲሚንቶ ወለል ንዝረት በደንብ ስለማያስተላልፍ ጣውላ ከሥሩ ክፍት ትተን አንጥፈን ከበሮውን እላዩ ላይ አስቀመጥነው። የሰፊው ፊት ወፍራም ምት በእግር ጥሩ አድርጎ ይሰማል። የጠባቡ ፊት ቀጭን ምት ግን አይደርስም፤ የእኛ ትከሻ የሚከተለው ደግሞ እሱን ነው! ሁሉም ሲዘሉ የእግራቸው ንዝረት ከበሮውን ይውጠዋል፤ ጣውላውን ብንከፋፍለው የከበሮውም ይቋረጣል። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ላሉት ጎማው ንዝረቱን ያስቀርባቸዋል። ትርኢቱ በቀን አደባባይ ላይ ስለሆነ የመብራት ምልክት አይታይም። በእጅ የሚመራ ሰው ፊት ለፊት ሲቆምም፣ የዞሩት አያዩትም። ሁለት መሪ በተቃራኒ አቅጣጫ ብናቆም ምቱ ይለያይባቸው ይሆን? በተለይ መስማት የተሳናችሁ ጨፋሪዎች፣ እባካችሁ የሚሠራላችሁን ንገሩን።