የጓጎለ ደም ሲወርድ ማህፀን እየተላጠ ነው?

ማር ወለላ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፔሬዴ በመጣ በሁለተኛው ቀን ጉበት የሚመስል የጓጎለ ደም ይወርደኛል። ትልቁ የትንሿ ጣቴን ጥፍር ያክላል። አንዷ ጓደኛዬ «ማህፀንሽ እየተላጠ ነው» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ «ቆሻሻ ደም ነው፣ ይውጣልሽ» ትላለች። እውነት በየወሩ ይላጣል? ከተላጠስ እንዴት ጠባሳ አይተውም? ቁርጠቱስ ከዚህ ነው?

የባዮሎጂ መምህር፦ የመጀመሪያዋ ጓደኛሽ ግማሹን አግኝታዋለች። የሚላጠው ማህፀኑ ራሱ ሳይሆን ውስጡን የለበሰው ሽፋን ነው፤ እሱም ሁሉም አይደለም። ሽፋኑ ሁለት ደርብ አለው። ከጡንቻው ጋር የተያያዘው የታችኛው ደርብ ባለበት ይቆያል። የሚወፍረውም የሚረግፈውም የላይኛው ነው።

ፔሬድ ሲያበቃ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ያወፍረዋል። እንቁላል ከወጣች በኋላ፣ የወጣችበት ቦታ ላይ ጊዜያዊ እጢ ይፈጠርና ፕሮጄስትሮን የሚባል ሌላ ሆርሞን ያመነጫል። ያኔ ሽፋኑ ፅንስ ለመቀበል ይሰናዳል። እርግዝና ከሌለ ይህ እጢ ሁለት ሳምንት አካባቢ ቆይቶ ይከስማል፤ ፕሮጄስትሮንም ያሽቆለቁላል። ሽፋኑን የሚመግቡት ጠመዝማዛ ደም ስሮች ይኮማተራሉ፣ የላይኛው ደርብ ደም ያጥረዋል፣ ይሞታል፣ ይላቀቃል።

ጠባሳውን መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፣ ለእኔ ከሁሉም የሚገርመው እሱ ነው። ጥገናው ደሙ እስኪቆም እንኳ አይጠብቅም። በታችኛው ደርብ ከቀሩት እጢዎች አዲስ ሴሎች እየተዘረጉ የተላጠውን ቦታ ያለብሱታል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሸፈናል፣ ያለ ጠባሳ።

አዋላጅ ነርስ፦ ስለ ጓጎለው ልጨምር። ማህፀን ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያሟሙ ንጥረ ነገሮች አሉ። ደሙ ሲበዛ ግን አይደርሱለትም፣ ስለዚህ ይጓጉላል። ሌሊቱን ተኝተሽ የተጠራቀመውም ጠዋት ስትነሺ እንዲሁ ሊመጣ ይችላል። አንቺ ያልሽው መጠን አያስጨንቅም።

ቁርጠቱ ከፕሮስታግላንዲን ነው። ሽፋኑ ሲፈርስ ይለቀቅና የማህፀንን ጡንቻ ያኮማትራል። የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌን የሚሠራው የዚህን ንጥረ ነገር ምርት ቀንሶ ስለሆነ ሕመሙ ሳይጠና ቢወሰድ ይሻላል። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም አስም ካለብሽ ግን መጀመሪያ ሐኪም ጠይቂ።

ማር ወለላ፦ ተባረኩ! የ«ቆሻሻ ደም»ስ ነገር?

የባዮሎጂ መምህር፦ ተረት ነው እህቴ። ደም፣ የሽፋኑ ቁርጥራጭና የማህፀን በር ፈሳሽ ነው፤ በቃ። ሰውነት መርዝ የሚያስወግደው በጉበትና በኩላሊት ነው። መጨረሻ ላይ ቡናማ የሚሆነውም ቀስ ብሎ ስለሚወጣ እንጂ ስለቆሸሸ አይደለም።

አዋላጅ ነርስ፦ ደግሞ «ይውጣልሽ» እያሉ ዝም ማለት አደጋ አለው። በአንድ ዙር በአብዛኛው የሚፈሰው ደም ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከ80 ካለፈ ብዙ ይባላል። ቤት ውስጥ የሚለካው ስለሌለ በዚህ እዪው፦ ሞዴስ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ለተከታታይ ሰዓታት ከሞላ፣ የጓጎለው ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ፣ ወይም ከ7 ቀን በላይ ከፈሰሰ ሐኪም ዘንድ ታዪ። ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ) ወይም የደም አለመርጋት ችግር ሊሆን ይችላል። ድካምና ማዞር ካለ ደም ማነስም ይመረመር። ፔሬድሽ ዘግይቶ በብዛት ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ።