ቡና የሚለቅም የሮቦት እጅ፦ ሰርቮዎቹ አብረው ሲነሱ አርዱይኖው ለምን ይጠፋል?

የኪቶ ተማሪ
ሰላም ለመድረኩ አባላት። በጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ስሆን፣ ከጓደኞቼ ጋር ለመመረቂያ ሥራችን ከተበጠረ ቡና ውስጥ ጥቁር፣ የተሰባበረና ተባይ የበላው ፍሬ እየለየ የሚያወጣ የሮቦት እጅ እየሠራን ነው። እጁ አራት ኤስጂ 90 ሰርቮ ሞተሮች (ወደታዘዙት አንግል የሚዞሩ ትንንሽ ሞተሮች) አሉት፤ የሚመራው አርዱይኖ ኡኖ በተባለ ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቦርድ ሲሆን ካሜራው ከላፕቶፕ ጋር ተያይዟል። አንድ ሰርቮ ብቻውን ሲንቀሳቀስ ችግር የለም፤ ሦስቱ ወይም አራቱ አብረው ሲነሱ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቦርዱም ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። ሰርቮዎቹን የምንመግበው ከቦርዱ የ5 ቮልት ፒን ነው። ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ በየቪዲዮው የምናያቸው ልብስ የሚያጥፉና ዕቃ የሚያነሡ ሮቦቶች የሚማሩበትን ዘዴ እንደኛ ባለ ርካሽ እጅ ላይ ማዋል ይቻል እንደሆነ ነው።

ሂርማታ ጥገና
ችግሩ የኃይል ነው፤ ኮዱን አትነካኩት። ኤስጂ 90 ያለ ጭነት ሲዞር የሚወስደው ጥቂት ቢሆንም፣ ጭነት ገትሮ ሲይዘው እስከ 0.7 አምፔር ገደማ ይስባል። አራቱ ባንድ ጊዜ ከተጨናነቁ ወደ 3 አምፔር ይጠጋል፤ የኡኖ የዩኤስቢ ፊውዝ ግን የተለካው ለ500 ሚሊ አምፔር ነው። ቮልቴጁ ሲወርድ ፕሮሰሰሩ ሥራውን አቋርጦ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ለሰርቮዎቹ የራሳቸው የ5 ቮልት ምንጭ ይኑራቸው። ከተጣለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር የወጣ ፓወር ሰፕላይ ከበቂ በላይ ነው፦ ቀዩ ሽቦ 5 ቮልት፣ ጥቁሩ ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መስመር) ሲሆን፣ ያለ ኮምፒውተር እንዲነሣ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር ታገናኙታላችሁ። ቢጫው 12 ቮልት ስለሆነ ሰርቮ ዘንድ አይድረስ። ሳጥኑንም አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች ሰው የሚጎዳ ኃይል ይዘው ይቆያሉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የአዲሱ ምንጭ ግራውንድ ከአርዱይኖው ግራውንድ ጋር መገናኘት እንዳለበት ነው፤ አለበለዚያ በትእዛዝ ሽቦው የሚመጣው ምልክት መነሻ ስለሚያጣ መንቀጥቀጡ አይቆምም። ከሰርቮዎቹ አጠገብ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨምሩ፤ መስመር ያለበት እግሩ ወደ ግራውንድ ነው።

የማምረቻ መስመር
ኃይሉ ይስተካከላል፤ እኔን ያሳሰበኝ ዕቅዱ ነው። አንድ ጥሬ የቡና ፍሬ ወደ 0.15 ግራም ስለሚመዝን በአንድ ኪሎ ውስጥ ከ6,500 በላይ ፍሬ አለ። ከአሥሩ አንዱ እንከን አለበት ብንል 650 ፍሬ መነሣት አለበት፤ እጃችሁ አንዱን አንሥቶ ለመጣል 5 ሰከንድ ቢፈጅበት አንድ ኪሎ ለማጥራት አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፣ ለ60 ኪሎ ጆንያ ደግሞ ያለ ዕረፍት ከሁለት ቀን በላይ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በስዊዘርላንድ የሎዛን ፖሊ ቴክኒክ ሬይሞን ክላቬል ከላይ ተንጠልጥሎ በቀጫጭን ክንዶች የሚሠራውን ዴልታ ሮቦት የፈለሰፈው እንደ ቸኮሌት ያሉ ቀላል ነገሮችን በፍጥነት ለማንሣት ነበር፤ የዛሬዎቹ ዴልታዎች በደቂቃ ከመቶ ጊዜ በላይ ያነሣሉ። በዚያም ፍጥነት ቢሆን አንዱ ጆንያ አብዛኛውን የሥራ ቀን ይወስዳል።

ለዚህ ነው በቡና ማዘጋጃዎች ያለው ኮለር ሶርተር (ፍሬን በቀለም የሚለይ ማሽን) ምንም እጅ የሌለው። ፍሬው በተዳፋት አሸንዳ ተንሸራቶ ሲወድቅ ካሜራዎች ከፊትና ከኋላ ያዩታል፤ እንከን ካለበት ከሥር ያለች ቫልቭ ለሚሊ ሰከንዶች ተከፍታ በታመቀ አየር ገፍታ ከመንገዱ ታወጣዋለች። የዓለም አቀፉ የሮቦቲክስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ፋብሪካዎች በሥራ ላይ የነበሩትን ሮቦቶች ወደ 4.28 ሚሊዮን ያደርሳቸዋል፤ ቁጥሩ ቢያስደንቅም ኢንዱስትሪው ክንድ የሚያስገባው ክንድ የሚያዋጣበት ቦታ ብቻ ነው። አንድ መስመር አሸንዳ፣ አንድ ካሜራና አንድ የአየር ቫልቭ ብትሠሩ ፈታኞቻችሁ የሚጠይቋችሁን ስሌት በልበ ሙሉነት ትመልሳላችሁ።

ቡና ቀማሽ
በስሌቱ እስማማለሁ፤ ከፍሬው ወገን ግን የምጨምረው አለ። ተባይ የበላው ፍሬ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በአንድ ጎኑ ባለች የመርፌ ጫፍ በምታህል ቀዳዳ ነው። ለቃሚ ሴቶች ፍሬውን በጣታቸው ገልበጥ አድርገው ያዩታል፤ ጠረጴዛ ላይ ከላይ የሚመለከት አንድ ካሜራ ግን ግማሹን አያይም። ሲቀመስ የሚሸት ፍሬም አለ፣ ለዓይን ደህና የሚመስል። ስለዚህ በጥቁሩና በተሰባበረው ብቻ ጀምሩ። ያልታጠበ ቡና ወደ ቢጫና ቡኒ ሲያደላ የታጠበው ወደ አረንጓዴ ስለሚያደላ፣ በአንዱ ፎቶ ያሠለጠናችሁት ሞዴል በሌላው ላይ ደህናውን ፍሬ ሊጥል ይችላል፤ የሁለቱን ፎቶ ለየብቻ ሰብስቡ።

ማታ ማታ ሮቦት
ሁለተኛው ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር። እ.ኤ.አ. በ2023 ከስታንፎርድ የወጣው አሎሃ የተባለ የሮቦት ክንድ ሥርዓት ሰው የሚይዘውን መሪ ክንድ ተከታዩ እንዲኮርጅ በማድረግ፣ በ50 ያህል ማሳያ ብቻ ከባድ የእጅ ሥራዎችን ማስተማር እንደሚቻል አሳይቷል። በቀጣዩ ዓመት ሀጊንግ ፌስ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ሌሮቦት የተባለውን ክፍት የሮቦት ማሠልጠኛ ሶፍትዌር አወጣ፤ ከእሱ ጋር የሚሠራው ኤስኦ 100 ክንድ አካሉ በስሪ ዲ ፕሪንተር የሚታተም፣ በመሪውም በተከታዩም ስድስት ስድስት ሞተር ያለው ነው። የእናንተን እጅ ከዚህ የሚለየው የዋጋው ርካሽነት አይደለም። የኤስኦ 100 ሞተሮች ያሉበትን አንግል መልሰው ይናገራሉ፤ ኤስጂ 90 ግን ትእዛዝ ይቀበላል እንጂ የት እንደደረሰ አይናገርም። ስለዚህ በእጃችሁ እየመራችሁ ብታሳዩትም የሚመዘገብ እንቅስቃሴ የለም። በየመገጣጠሚያው አንግሉን የሚለካ ፖቴንሽዮሜትር ብትጨምሩ በሻካራው ይሠራል፤ እንደኔ ግን ክንዱ ለመማሪያ ይቆይ፣ መመረቂያው በአሸንዳው ይሁን።

የኪቶ ተማሪ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሰርቮዎቹን ኃይል እንደተባለው እንለያለን፤ ወደ አሸንዳው ለመዞርም ከአማካሪያችን ጋር እንነጋገራለን። አንድ የቀረኝ ነገር፦ ከአሸንዳ የሚወድቀውን ፍሬ በስልክ ካሜራ ስንሞክር ደብዛዛ መስመር ሆኖ ነው የሚወጣው። የተሻለ ካሜራ መግዛት ግድ ነው?

የማምረቻ መስመር
መጀመሪያ ብርሃኑን አስተካክሉ። ከ20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የወደቀ ፍሬ በሰከንድ ወደ 2 ሜትር ይጓዛል፤ ካሜራው ለሰከንድ መቶኛ ክፍት ከሆነ ፍሬው በዚያች ቅጽበት 2 ሳንቲ ሜትር ስለሚወርድ ከራሱ ርዝመት በላይ ይሳባል። በስልኩ የፕሮ ሞድ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/4000 ሰከንድ ላይ ብታደርጉት የሚሳበው ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሥዕሉ ይጨልማል፤ ከሁለት ወገን ብዙ የኤልኢዲ መብራት አስጠጉለት። መብራቱ በባትሪ ወይም በዚያው ፓወር ሰፕላይ 12 ቮልት ይሥራ፤ ከግድግዳ ሶኬት የሚበራ ርካሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገብ አንዱን ፍሬ ብሩህ፣ ቀጣዩን ጥቁር አድርጎ ያሳያችኋል።