የአባባ የአንገት ደም ስር ጠቧል፤ ስቴንት (የጠበበውን ደም ስር ከውስጥ ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ) ወይስ ኦፕራሲዮን?

ሰላም ወገኖች። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። አባባ ከዓመታት በፊት የጉሮሮ ካንሰር ይዞት በጨረር ታክሞ ድኗል፤ ተመስገን ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ቡና እየጠጣ ሲኒው ከቀኝ እጁ ዱብ አለ፤ ምላሱም ተሳሰረ። ትንሽ ቆይቶ ለቀቀው። «ብርድ ነው» ብሎ ጋቢውን ተከናነበ። እዚህ አገር ሁሉም ነገር በብርድ ይሳበባል!

በዶፕለር አልትራሳውንድ ሲታይ ግን ደም ወደ አንጎል የሚያደርሰው የግራ አንገቱ ደም ስር ክፉኛ ጠቧል። ጨረር ከብዙ ዓመት በኋላም የደም ስርን ግድግዳ ጎድቶ ሊያጠብ ይችላል አሉን። ደም እንዳይረጋ አስፒሪን፣ ለኮሌስትሮል ደግሞ አቶርቫስታቲን ጀምሯል።

የቸገረን ቀጣዩ ነው። ጨረር ያረፈበት አንገቱ ሲዳሰስ እንደ ቁርበት ደርቋል። ቢቀደድ ነርቭ ሊጎዳ፣ ቁስሉም አልሽር ሊል ይችላል። ስቴንት ይሻላል ቢባልም ተመልሶ የመጥበብ ነገር አለው።

ከጨረር በኋላ አንገቱ ላይ ስቴንት ያስገባ ዘመድ ያላችሁ፣ እንዴት ሆነ? አዲስ አበባ የት ይሠራል? ወጪውስ? እንዲህ ያለ ምልክት ከታየ ስትሮክ ቶሎ ሊከተል ይችላል ስለተባልን፣ እባካችሁ ዛሬውኑ መልሱልኝ።