ጎበዝ ተማሪዬ ዝም አለብኝ፤ «ስሜታዊ ብልህነት» ይፈታዋል?

የፍኖተ ሰላሟ መምህርት፦
ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የ12ኛ ክፍል ሆምሩምም ነኝ። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር አንድ ልጅ አለኝ። ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ ይሄዳል፣ እሑድ ማታ በሶና እንጀራውን ተሸክሞ ይመለሳል። ጎበዝ ነው። ከጥር ወዲህ ግን ዴስክ ላይ ተደፍቶ ነው የሚውለው። ስጠይቀው «ራሴን ያመኛል» ይላል። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ ምንም አልተገኘበትም። ባለፈው የፈተና ወረቀት ስመልስ የጓደኛውን ደብተር ወረወረ። በነጋታው ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነ።

ሰሞኑን ስልጠና ላይ «ስሜታዊ ብልህነት ያለው ተማሪ አይጨነቅም» ተባልን። እውነት ነው ወይስ ለአበል የተባለ?

የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ፦
መምህርት፣ «አይጨነቅም» የሚለውን ይተዉት። ሀሳቡን እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረቡት ሳሎቬይና ሜየር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ናቸው። የራስንና የሌላውን ስሜት መለየት፣ መረዳትና መግራት ነው ያሉት። እ.ኤ.አ. በ1995 ጎልማን የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ በዚሁ ርዕስ ያሳተመው መጽሐፍ አገር ምድሩን አዳረሰው፤ ተስፋውም አብሮ ተጋነነ። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ይህ ችሎታ ያላቸው ተማሪዎች ጭንቀትና ድባቴ ቀነስ ይልላቸዋል። ግን የቱ የቱን እንዳመጣው መለየት ከባድ ነው። ድባቴ የያዘው ሰው የገዛ ስሜቱን ማወቅም ይቸግረዋል።

ጭንቀት በራስ ምታት መምጣቱ የተለመደ ነው። «ምን ሆንክ?» ካሉት መልሱ «ምንም» ነው። «ወረቀቱን ስታይ ተናደድክ ወይስ ፈራህ?» ይበሉት። ስሜትን በስሙ መጥራት ትንሽ ያበርደዋል። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ካጣ ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን የአእምሮ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል ይሂድ። ስለ መሞት ካነሳ አንድ ቀን አይጠብቁ።

የሞጣ ልጅ፣ አሁን ባሕር ዳር፦
እኔም የስንቅ ልጅ ነበርኩ። አባቴ በሬ ሸጦ ነው ያስተማረኝ። ወድቄ ምን ብዬ ዓይኑን አያለሁ? እናቴ «ትምህርቱ እንዴት ነው?» ስትል «ደህና» እላለሁ፤ ሌላውን ሆድ ይፍጀው። በ2015 መጀመሪያ በተሰጠው የ12ኛ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነው። ታዲያ መፍራት ብልህነት ማጣት ነው? ሒሳብ ማወቅ ነው እንጂ! እኔን ያተረፈችኝ አንዲት መምህር ናት። ሻይ ጋብዛኝ «ባታልፍስ ምን ታደርጋለህ?» አለችኝ። ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ቁጭ ብለን እቅድ አወጣን፤ የዚያን ቀን ማታ ተኛሁ።

ቡሬ፦
እትዬ፣ መጀመሪያ ምሳ መብላቱን ይጠይቁት። ስንቅ ሐሙስ ላይ ያልቃል።

የፍኖተ ሰላሟ መምህርት፦
አይ እኔ! ይህንን አላሰብኩትም። እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ አባትየውን ልጥራ? ከሰማ ቀጥታ ጠበል ነው የሚወስደው፣ ትምህርቱም ይቋረጣል ብዬ ሰጋሁ።

የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ጠበሉን አይቃወሙ፤ ሕክምናውን ጎን ለጎን ያስይዙት። አባትየውን ከመጥራትዎ በፊት ግን ልጁን ያስፈቅዱት። ሳያውቅ ከጠሩበት ሁለተኛ ምንም አይነግርዎትም።