ሸንኮራ አገዳ እየበሉ የሚከሱ ላሞች

ባለአራት ላሟ
ሰላም ለሁላችሁ። አራት የሚታለቡ ዲቃላ ላሞች አሉኝ። ሳሩ ደርቆ ሲያልቅብኝ ሸንኮራ አገዳ እየከተፍኩ መስጠት ጀመርኩ። መጀመሪያ ሲሻሙበት ደስ አለኝ። ሦስት ሳምንት ሆነው፤ አሁን ግን ግራ ገብቶኛል። 9 ሊትር ትሰጥ የነበረችው 6 ላይ ወርዳለች። ገንዳው ውስጥ ትርፍ ማየት ጀምሬያለሁ። የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል፣ ሆዳቸው ግን ሙሉ ነው። ይህን የሚያህል ጣፋጭ ነገር እየበሉ እንዴት ይከሳሉ? አንድ ሰው ደግሞ "ዩሪያ ጨምሪበት" አለኝ። ማዳበሪያውን ማለቱ ነው? ፈራሁ።

ሳር በሳር
አገዳውን ተይው። ላም የተፈጠረችው ለሳር ነው። ድርቆሽ ፈልጊ።

የድሮ አላቢ
እህቴ፣ አገዳውን አትጣዪው። እኔ ብዙ በጋ ላሞቼን ያሻገርኩት በእሱ ነው። ሳር ሲያረጅ እንጨት ይሆናል። አገዳ ግን ሲበስል ስኳሩ ይጨምራል፤ ያውም ሌላው መኖ በሚጠፋበት ወቅት።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከበሰለ አገዳ ውሃውን ብናወጣ፣ ከቀረው ውስጥ ስኳሩ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ፕሮቲኑ ግን ከመቶ 2 እስከ 4 እጅ ብቻ ነው። በላሟ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ መኖውን የሚፈጩት ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። እነሱ ደግሞ ለመራባት ናይትሮጅን ይፈልጋሉ። ስኳሩን አገኙ፣ ናይትሮጅኑን አጡ። ስለዚህ የአገዳው ቃጫ ሳይፈጭ ጨጓራዋ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቦታ ስለያዘ ሌላ መብላት አትችልም። ላምሽ ጠግባ እየተራበች ነው።

ዩሪያው ለዚያ ነው። አዎ፣ ማዳበሪያው ራሱ። ብራዚል ውስጥ አርቢዎች የሚሠሩበት መጠን ይህ ነው፦ 9 እጅ ዩሪያ ከ1 እጅ አሞንየም ሰልፌት ጋር ይደባለቃል። ሰልፌቱ ድኝ እንዲሰጥ ነው፤ ተሕዋስያኑ ያለ ድኝ ፕሮቲናቸውን በደንብ አይሠሩም። ከድብልቁ 1 ኪሎ በ4 ሊትር ውሃ ይሟሟና 100 ኪሎ የተከተፈ አገዳ ላይ እኩል ይረጫል፤ ከዚያ በደንብ ይገለባበጣል። የመጀመሪያውን ሳምንት ግማሹን ብቻ፣ ማለትም ለ100 ኪሎ 500 ግራም ስጪ። በዓይን ግምት አይሠራም፤ ሚዛን ይኑርሽ።

አሁን የምነግርሽን ግን ልብ ብለሽ ስሚኝ። የበረቴ ጣሪያ አንድ ጥግ ያፈስ ነበር። ሌሊት ዘነበና ገንዳው ውስጥ ውሃ ተጠራቀመ። ዩሪያው ሁሉ ታጥቦ ውሃው ውስጥ ገብቷል። ጠዋት ስደርስ ጎበዟ ላሜ ያንን ውሃ ጠጥታ ትንቀጠቀጣለች፤ ለሀጯ ይዝረበረባል፤ ሆዷ ተነፍቷል። ሐኪም ስጠራ፣ ኮምጣጤ ስፈልግ፣ ወደቀች። ሐኪሙ ሲደርስ ሞታ ነበር። ብዙ ቀን በረቱ ውስጥ መግባት አቃተኝ። ገንዳሽን ከሥሩ ብሺው፣ ውሃ አይቋጠርበት። ጣሪያውን ዛሬ እዪው። ትርፉን በየጠዋቱ ጥረጊ። ኮምጣጤ ከበረት አይጥፋ፤ በቀዝቃዛ ውሃ አድርጎ ቶሎ ማጠጣት ይረዳል። ለወደቀች ወይም መዋጥ ላቃታት ላም ግን በግድ አትጋቺ፣ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል።

ባለአራት ላሟ
ጋሼ፣ ስለ ላምዎ በጣም አዘንኩ። ስለነገሩኝም እግዜር ይስጥልኝ። ዩሪያውን ከጨመርኩ ወተቱ ይመለሳል? ደግሞ በየቀኑ መቁረጥ ሰለቸኝ፤ የሳምንቱን ባንዴ ብቆርጠውስ?

የድሮ አላቢ
ዩሪያ ብቻውን የ9 ሊትር ላም አይመልስልሽም። ክሳቱን ያቆማል፣ መብላቱን ይከፍታል፤ እዚያ ላይ ያበቃል። የምትበላው ስኳር እንዳለ ደሟ ውስጥ አይገባም፤ ጨጓራዋ ውስጥ ቦክቶ ወደ አሲድ ይለወጣል። የወተቱን ስኳር ግን ላሟ ራሷ ከግሉኮስ ነው የምትሠራው፤ አገዳ ላይ ያለች ላም ደግሞ ግሉኮስ ያጥራታል። ግሉኮስ ከፕሮቲንም ይሠራል፤ ስለዚህ ጨጓራው ውስጥ ሳይፈርስ ወደ አንጀት የሚያልፍ ፕሮቲን ያስፈልጋታል። ቶማስ ፕሬስተን የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኩባ ውስጥ በሞላሰስ (ከአገዳ ስኳር ሲወጣ የሚቀረው ወፍራም ፈሳሽ) እና በዩሪያ ከብት ሲያደልቡ፣ ጥቂት የዓሣ ዱቄት ሲጨመር ለውጡ ከፍተኛ ነበር። እኔ የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ነው የምሰጠው። እሱ ባይገኝ ሩዝ ሲፈተግ የሚወጣው ዱቄት ወይም የሉኪኒያ (የመኖ ዛፍ ነው) ቅጠል ይረዳል። ማዕድንና ጨውም አይርሱሽ። ብዙ የምትታለበዋን ከሌሎቹ ለይተሽ ጨምሪላት፤ ለሁሉም እኩል ማደል ፋጉሎ ማባከን ነው።

የሳምንቱን ባንዴ መቁረጥ አይሆንም። የተከተፈ አገዳ በሙቀት ወዲያው ይቦካል። ገፈራ ላድርገው፣ ማለትም አየር እንዳይገባው አፍኜ ላቆየው፣ ብትይም እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጥብሻል። አገዳ ቆሞ ይጠብቅሻል፤ ጎተራው ማሳው ነው። የዕለቱን ከነጫፉ ቁረጪ፤ ቅጠሉ ከግንዱ የተሻለ ፕሮቲን አለው። አድቅቀሽም ክተፊው።

ሳር በሳር
የዩሪያውን ነገር አላውቅም ነበር። አንድ ሁለት ቀን ዩሪያው ቢቋረጥስ?

የድሮ አላቢ
ወንድሜ፣ ከተቋረጠ እንደ አዲስ በግማሹ መጀመር ነው። ጨጓራው ልምዱን ቶሎ ያጣል።

ባለአራት ላሟ
አሥረኛ ቀኔ ነው። ገንዳውን በሥቼዋለሁ፣ ጣሪያውም ተጠግኗል። ትርፍ የለም፣ ጠርገው ይበሉታል። ፋጉሎ የጨመርኩላት 7 ሊትር ተኩል ደርሳለች። ጥጆቹም እየመጡ ከገንዳው ይለቃቅማሉ፤ ችግር አለው?

የድሮ አላቢ
አለው! የጥጃ ጨጓራ ገና አልዳበረም፣ ዩሪያውን ወደ ፕሮቲን መለወጥ አይችልም። ዛሬውኑ ከገንዳው አርቂያቸው።