እስያ ሲያረጅ ሥራው ወደ ባሕር ዳር ይመጣል ወይስ ሮቦት ይወስደዋል?

የሽምብጥ አባት

ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የትምህርት ክፍል መምረጫዋ ደርሷል። እሷ ጨርቃ ጨርቅ ኢንጂነሪንግ ትላለች። እናቷ ነርስነት ትላለች። እኔ መሐል ላይ ቆሜአለሁ፤ ውሳኔው የእሷ ቢሆንም ምክር ስትጠይቀኝ ባዶ እጄን መሆን አልፈልግም።

ወደ ጨርቃ ጨርቁ ያደላሁበት ምክንያት አለኝ። ምሥራቅ እስያ እያረጀ ነው። የቻይና ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ1961 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰ። በ2023 ደግሞ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ጎደለ። ጃፓን ውስጥ ከ10 ሰው 3 ያህሉ 65 ዓመት የሞላቸው ናቸው። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ አንዲት ሴት በአማካይ አንድ ልጅ እንኳ አትወልድም፤ በ2023 ቁጥሩ 0.72 ነበር። እኛ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነን፤ ግማሻችን ገና 20 ዓመት አልሞላንም። እንግዲህ ስፌቱም ሽመናውም ወጣት ወዳለበት አገር መምጣቱ አይቀርም ብዬ ነበር የማስበው።

ሰሞኑን ግን አንድ ቪዲዮ አየሁ። የቻይና ፋብሪካ ነው። መብራት እንኳ አልበራም፤ ማሽኖቹ ብቻቸውን ይሠራሉ። እስያ ሠራተኛ ሲያጥራት ፋብሪካውን ነቅላ ወደ እኛ ታመጣለች ወይስ እዚያው በሮቦት ትጨርሰዋለች? ሙያው ውስጥ ያላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የላይኑ መካኒክ

ጋሼ፣ እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። ጥያቄዎን በየቀኑ እጄ ላይ ስለማየው የማውቀውን ልንገርዎ።

ሁሉም ሥራ እኩል ለሮቦት አይመችም። ብረት መበየድ፣ መኪና ቀለም መቀባት፣ የስልክ ቦርድ መገጣጠም ይመቸዋል። ብረት ያስቀመጡት ቦታ እንዳለ ይጠብቃል። ጨርቅ ይታጠፋል፣ ይሸበሸባል፣ ይለጠጣል። ከተደራረበ ቁራጭ ውስጥ አንዱን ብቻ ማንሳት ለእኛ ልጆች ምንም አይደለም፤ ለሮቦት ዛሬም ከባድ ነው። እጅጌ የምትገጥም ኦፕሬተርን ቆመው ቢያዩዋት በጣቶቿ አንዱን ጨርቅ ትንሽ ትስባለች፣ ሌላውን ትለቃለች። እጅጌው ዞሮ የሚገጥመው በዚያ ነው። ያንን ጣት የሚተካ ማሽን ይዞ የመጣ ነጋዴ እኔ አላጋጠመኝም።

አዲዳስ በጫማ ሞክሮታል። ጀርመን አንስባኽና አሜሪካ አትላንታ ላይ በሮቦት የሚሠሩ ፋብሪካዎች ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2019 እንደሚዘጋቸው አስታወቀ፤ ቴክኖሎጂውን ወደ ቻይናና ቬትናም አቅራቢዎቹ ወሰደው። ይህን ልብ ይበሉልኝ። ሥራው የሄደው ሶሉም፣ ክሩም፣ ሙጫውም፣ የሰለጠነው ሰውም አንድ አካባቢ ወደሚገኝበት ነው። እኛ ጋ አንድ ዓይነት ዚፕ ሲያልቅ ላይኑ (የስፌት መስመሩ) መርከብ እስኪመጣ ይቆማል።

ስፌቱ ራሱ ባይነካም ዙሪያው ግን ተነክቷል። ጨርቅ ማንጠፍና መቁረጥ በኮምፒውተር ሆኗል። ክሩን ራሱ የሚቆርጥ መኪና መጥቷል፤ ድሮ ለዚያ መቀስ ይዛ የምትቀመጥ ረዳት ነበረች። ፈትልና ሽመናማ ከቆየ ነው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሳ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲቋቋም ለከተማው ወጣት ትልቅ እንጀራ ነበር። ዛሬ ያንኑ ያህል ክር የሚያወጣ አዲስ ፋብሪካ ቢተከል የሚቀጥረው ሰው በጣም ጥቂት ነው።

ወደ ቪዲዮው ልምጣ። ያዩት እውነት ነው። ቻይና በ2023 ብቻ ከ276 ሺህ በላይ የኢንዱስትሪ ሮቦት ተክላለች፤ ዓለም ከተከለው ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ኮሪያ ፋብሪካዎች ውስጥ ለ10 ሺህ ሠራተኛ ከ1 ሺህ በላይ ሮቦት አለ። ግን ሁሉም የሰው እጥረት ያመጣው አይምሰልዎ። በዚያው በ2023 ሰኔ ላይ በቻይና ከተሞች ሥራ ፈላጊ ከሆኑት ከ16 እስከ 24 ዓመት ወጣቶች 21.3 በመቶው ሥራ አጥ ነበሩ። ዲግሪ ይዘዋል፤ ፋብሪካ መግባት አይፈልጉም። ፋብሪካው ሰው አጣሁ ይላል፣ ልጁ ሥራ አጣሁ ይላል። ይህ ነገር እኛም ቤት በር ላይ ያለ ይመስለኛል።

ሌላው፣ ወጣት መብዛቱ ብቻውን ፋብሪካ አይጠራም። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ከአጎዋ፣ ማለትም ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል ስንወጣ አሜሪካ የሚገባው ልብሳችን ላይ ቀረጥ ተጫነበት። እኔ የነበርኩበት ፋብሪካ ትዕዛዙ ሳሳ፣ ላይኖች ተዘጉ፣ ያሠለጠንናቸው ልጆች ተበተኑ። አንዳንዶቹ አረብ አገር ሄዱ። እጃቸው ፈጣን ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጸጥታው ሲደፈርስ ደግሞ ልብሱን የሚገዛው ኩባንያ በቀላሉ ፊቱን ወደ ባንግላዴሽ ያዞራል። ሕንድም አለች። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በሕዝብ ብዛት ቻይናን አልፋለች፤ ለወጣቶቿ ሥራ የምትፈልገው እሷም ናት።

ስለዚህ ልጅዎ ጨርቃ ጨርቅ ትግባ፣ ግን ማሽኑን ትማር። ሰርቮ ሞተር፣ ሴንሰር፣ ፒኤልሲ (ማሽኑን የሚያዝዘው ትንሽ ኮምፒውተር)። የአንድ መኪና ቦርድ ሲቃጠል እኛ ነቅለን ጥግ ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ከውጭ ሰው ወይም ዕቃ እስኪመጣ ይቆማል። ቦርድ አውጥታ የምትጠግን ኢንጂነር ብትኖረን ኖሮ ስንቱ መኪና በተነሣ።

የወረታው

የመካኒኩን ሐሳብ እደግፋለሁ። ከእርሻው በኩል አንድ ነገር ልጨምር።

ጃፓን ውስጥ የገበሬው አማካይ ዕድሜ 70 ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ልጆቹ ከተማ ገብተዋል። ስለዚህ ሾፌር የሌለው ትራክተር ሠርተው ይሸጣሉ። እዚያ ማሽኑ የሚገባው ሰው ትቶት በሄደው ቦታ ነው።

ፎገራ ሜዳ ላይ ያለው ሌላ ነው። ሩዝ በደርግ ጊዜ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር መጣ፤ ዛሬ ደግሞ እዚሁ ፎገራ ያለውን የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ጃፓኖች ያግዛሉ። ነገር ግን አረሙ በእጅ ነው፣ አጨዳው በማጭድ ነው። በአረምና በአጨዳ ወቅት መሬት የሌላቸው ልጆች ከየቦታው መጥተው በቀን ሥራ ያድራሉ። ማጨጃ ማሽን በብዛት ቢገባ መጀመሪያ ደሞዙን የሚያጣው ያ ልጅ ነው። እኔ ማሽኑን አልጠላም፤ ወገቤ ያውቀዋል። ግን ለዚያ ልጅ ሌላ ሥራ ሳይዘጋጅ ቢመጣ ወዴት ይሄዳል? ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያዎቹ የተወሰነ ሰው ይይዛሉ። ማሸጉ፣ ገለባውን መኖ ማድረጉ፣ ማሽን ማከራየቱ ገና ብዙ ይቀረዋል። ሥራውን ከውጭ ከምንጠብቅ ከዚህ ብንጀምር ነው የምለው።

የሽምብጥ አባት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁለታችሁም ብዙ አስተማራችሁኝ። ለእናቷም የምመልሰው ያስፈልገኛል። አረጋውያኑ ከበዙ ነርስ አይፈልጉም ወይ? ጃፓን ሠራተኛ ከውጭ ትወስዳለች ሲባል እሰማለሁ። ደግሞ እዚህ ከተማ «እንልካለን» የሚሉ ሰዎች አሉ።

ነርሷ ከጣና ዳር

አባቴ፣ በመጀመሪያ ለማንም ብር እንዳይከፍሉ። የኮሪያ የሠራተኛ ቅጥር ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረ ነው፤ በመንግሥታት ስምምነት የሚሠራ ሲሆን የሚልኩት አገሮች ሁሉም እስያ ውስጥ ናቸው። ኢትዮጵያ የለችበትም። በዚያ በኩል ኮሪያ አስገባለሁ የሚልዎት ካለ ዋሽቶዎታል።

ጃፓን ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ ለውጭ ሠራተኛ አዲስ ቪዛ ከፍታለች፤ አረጋውያን መንከባከብ አንዱ ዘርፍ ነው። ግን የቋንቋ ፈተና አለው፣ የሙያ ፈተናም አለው። ነርስ ሆኖ ለመሥራት ደግሞ የአገሩን ፈተና በጃፓንኛ ማለፍ ግድ ነው። ፊሊፒንስና ኢንዶኔዥያ በመንግሥት ስምምነት ነርሶች ሲልኩ ብዙዎቹን የጣላቸው ይኸው ፈተና ነበር።

ሮቦት ይተካል ወይ ላሉት፣ እኔ አዋላጅ ክፍል ከመግባቴ በፊት አልጋ ላይ የዋሉ በሽተኞች ነበሩኝ። ጃፓኖች ሰው የሚያነሳ መሣሪያ አላቸው፣ ወገብ የሚደግፍ ቀበቶ አላቸው፣ ሽማግሌው ከአልጋ ሲወርድ የሚያሳውቅ ሴንሰር አላቸው። የነርሷን ወገብ ያድናል፤ ያ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ጓደኞቼ ወገባቸውን ታመው ከሥራ ወጥተዋል። ግን ምግብ አልዋጥ ያላቸውን እናት ቁጭ ብሎ እያባበለ የሚያጎርስ ሰው ያስፈልጋል። ጃፓን ይህን ሁሉ ሮቦት ይዛ ቪዛ የከፈተችው ለዚህ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ሁላችሁም የዘለላችሁት አለ። ወጣትነታችን እንደዚሁ አይቆይም። ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1960፣ የቃኘው ዘማቾቻችን ከተዋጉላት ብዙም ሳይቆይ፣ አንዲት እናት በአማካይ 6 ልጅ ነበር የምትወልደው። በ1983 ወደ 2 ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የእኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አማራ ክልል 3.7፣ አዲስ አበባ 1.8 ነበር። አዲስ አበባ ያኔውኑ ራሷን ከምትተካበት በታች ወርዳለች ማለት ነው። ኮሪያ በነዚያ ዓመታት ሴት ልጆቿን አስተማረች፣ ፋብሪካም አቆመች። ቻይና ደግሞ ከጥር 2025 ጀምሮ የወንዶችን ጡረታ ከ60 ወደ 63 ቀስ በቀስ እያነሳች ነው፤ ሀብት ይዛ እንኳ ተቸግራለች። እኛ ባዶ እጃችንን እንዳናረጅ ነው የምፈራው። አሁን እኔ ጋ የሚወለዱት ልጆች ሥራ የሚፈልጉበት ጊዜ ሩቅ አይደለም።

ልጅዎ ነርስነትን ከመረጠች ለውጭ ብላ አይሁን። እዚህም በአንድ ተረኛ ነርስ ስንት አልጋ እንደሚጠበቅ መጥታ ትይ።

የላይኑ መካኒክ

እህታችን ያለችው ልክ ነው። ጋሼ፣ ከምርጫው በፊት ልጅቷ ትምህርት ክፍሉ ድረስ ሄዳ ወርክሾፑን ታሳዩኝ ትበል። የሚሠራ አውቶማቲክ ማሽን አለ ወይ? ተማሪ ይፈታዋል ወይስ ከሩቅ ያየዋል? በሥራ ልምምድ ፋብሪካ ያስገቧቸዋል ወይ? እነዚህን ትጠይቅ። ወደ እኛ ጥገና ክፍል መምጣት ከፈለገችም እዚሁ ይጻፉልኝ፤ አለቃዬን አስፈቅጄ የተቃጠሉትን ቦርዶች አሳያታለሁ።